የጥር ባሕር

ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። አትላንቲክ ውቅያኖስን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስንት ጊዜ እንደሣልኩት እግዜር ይወቀው። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ እንደሚጎድል፣ ጨረቃ ውኃውን እንዴት እንደምትስበው፣ ሁሉን አስረድቼ፣ ፈትኜ፣ አርሜያለሁ። እኔ ራሴ ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። በወጣትነቴ ከመምህራን ጋር ምጽዋ የመሄድ ዕድል አንድ ጊዜ ገጥሞኝ፣ በመሄጃው ዋዜማ እናቴ ታመመችብኝና ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ዘመኑም መንገዱም ተለወጠ። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ እኔን ግን ያላየሁት ባሕር ሲናፍቀኝ ኖረ።

ያየሁት ዘንድሮ ነው፤ ያውም በጥር፣ አገሬው ብርዱን ፈርቶ ከባሕር በሸሸበት ሰሞን። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ሦስት ቀን ነው። ልጆቻችሁ ባሕር ማዶ ላሉባችሁ፣ እነሱን ልትጠይቁ ሄዳችሁም ቤት ውስጥ ተዘግቶባችሁ ለምትከርሙ እናቶችና አባቶች ይጠቅማል ብዬ ነው።

ከቤት መውጣት

ልጄ የምትኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር በተያያዘችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአገራችን ሰው በብዛት ያለበት ቦታ ስለሆነ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም አይቸግርም። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ላርሳት ብዬ መስከረም ላይ ሄድኩ። ገንፎውን አገነፋሁ፣ አጥሚቱን ሠራሁ፣ ሕፃኑን አጠብኩ። ጥቅምት እንዲህ አለፈ። ኅዳር ላይ ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ፤ ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ገባ።

እዚያ ያሉ ልጆቻችን ይህን ወቅት «ክረምት» ነው የሚሉት። ለእኛ ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና የበቆሎ እሸት ነው፤ ጥር ደግሞ የጠራ በጋ። ለእነሱ ክረምት ማለት ዛፉ ራቁቱን የሚቆምበት፣ ፀሐይ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ወጥታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የምትጠልቅበት ነው። አዲስ አበባ በጥርም ቢሆን ለአሥራ ሁለት ሰዓት ጥቂት የጎደለው ብርሃን አላት፤ እነሱ አሥር ሰዓት እንኳ አይሞላላቸውም። ይህንንም አስተምሬው ነበር። ሲኖሩበት ግን ሌላ ነው።

ልጄ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። ሕጉ የፈቀደላት የወሊድ እረፍት አሥራ ሁለት ሳምንት ነው፤ እሱም ያለ ደመወዝ። ሕፃኑ ሦስት ወር ሳይሞላው ሥራ ገባች። አማቼ የሌሊት ተረኛ ነው፤ እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። እኔ ሕፃኑን ታቅፌ በመስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን አያለሁ። ትልቁ የልጅ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ያፍራል። እኔ በአማርኛ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል፤ ከዚያ ሁለታችንም ይደክመንና ወደ ቴሌቪዥኑ እንዞራለን።

ከልጄ ጋርም ወሬያችን «ልጁ በላ?»፣ «ወተቱ ሞቀ?»፣ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?» ከማለት አያልፍም ነበር። በመካከላችን ያልተነሣ ነገር እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። አባቷ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል። ያኔ የመኖሪያ ወረቀቷ ገና ስላልወጣ መጥታ ልትቀብረው አልቻለችም። ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ከገና ማግስት «ትኬቴን ከመጋቢት ወደ ጥር መጨረሻ አምጡልኝ፤ አገሬ ልግባ» አልኳቸው። ልጄ ምንም ሳትመልስ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። አማቼ ግን «እማማ፣ ባሕር ሳያዩማ አይሄዱም» አለኝ። ለካ ሰላሳ አራት ዓመት ሳላየው ያስተማርኩትን ውቅያኖስ ለሰው ሁሉ ሳወራ ሰምቶኛል።

በፈረንጆቹ ጥር ሦስተኛው ሰኞ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ በዓል ስለሆነ ሁለቱም ከቅዳሜ እስከ ሰኞ እረፍት አገኙ። በባሕር ዳርቻ ከተሞች ሆቴል በዚህ ወቅት በርካሽ እንደሚገኝም ነገረኝ። የዘንድሮው ሰኞ ግን ጥር 11 ነበር። «ጥምቀትን ከሰው ተለይቼ፣ ምድረ በዳ ላይ?» ብዬ ትንሽ አኮረፍኩ። ልጁ ሻንጣውን ይዞ በቤቱ ውስጥ ሲዘል ሳይ ግን ተውኩት።

የሌሊት ወፍራም ታሪክ ያለው መንገድ

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ውቅያኖሱ ሦስት ሰዓት ያህል ያስነዳል። አብዛኛው መንገድ ቁጥር 50 በሚባለው ጎዳና ነው። መጀመሪያ ቼሳፒክ የሚባለውን የባሕር ሰላጤ በድልድይ ተሻገርን። ድልድዩ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጎን ለጎን ሁለት ናቸው፤ አንዱ በ1952፣ ሌላው በ1973 እ.ኤ.አ. ተከፈቱ። መሐሉ ላይ መርከብ እንዲያሳልፍ ከፍ ስለሚል መኪናው ወደ ሰማይ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። የልጅ ልጄ ሳቀብኝ።

ከድልድዩ ማዶ አገሩ ሜዳ ነው፤ በቆሎና አኩሪ አተር የታጨደበት ማሳ፣ ረጃጅም የዶሮ ርባታ ቤቶች። ክረምቱን ሊያሳልፉ ከሰሜን የመጡ ነጫጭ ዝይዎች ማሳው ላይ ሰፍረው አየናቸው፤ ከሩቅ ጥጥ የፈሰሰ ይመስል ነበር። ካምብሪጅ የምትባል ከተማ ስንደርስ ልጄ ከኋላ ወንበር «ሃሪየት ተብማን የተወለደችው እዚህ አውራጃ ነው» አለችኝ። በባርነት ተወልዳ፣ አምልጣ ነፃ ከወጣች በኋላ እየተመለሰች ወንድሞቿንና ወላጆቿን ሳይቀር ብዙ ሰው ያወጣች ሴት ናት። ብዙውን ጊዜ የምትጓዘው በዚሁ በብርድ ወራት ነበር አሉ፤ ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ፣ ሰውም ከቤቱ ስለማይወጣ። በመስኮቱ የማየው ረግረግና ራቁቱን የቆመ ጫካ ከዚያ ወዲያ ሌላ መልክ ያዘብኝ። ብርድን እስር አድርጌ ስቆጥረው ከርሜ፣ ለእሷ መውጫ እንደነበር ሰማሁ።

ባዶዋ ከተማ

የሄድንባት ከተማ ኦሽን ሲቲ ትባላለች። በውቅያኖሱና ከጀርባዋ ባለው ሐይቅ መሰል የባሕር ውኃ መካከል እንደ መቀነት የተዘረጋች ናት። የአሸዋ ዳርቻዋ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ቋሚ ነዋሪዋ 7 ሺህ ገደማ ነው፤ በሙቀቱ ወራት ቅዳሜና እሑድ ግን 300 ሺህ ሰው ይሰፍርባታል ይባላል። ለመውጫው ድልድይ ላይ አንድ ምልክት ተተክሏል፤ «ሳክራሜንቶ 3,073 ማይል» ይላል። ያ የመጣንበት መንገድ አህጉሩን አቋርጦ ካሊፎርኒያ ድረስ እንደሚሄድ መንገሩ ነው።

ከባሕሩ ጎን በሳንቃ የተነጠፈ፣ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግረኛ መንገድ አለ። በሙቀቱ ወራት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተሻሽበት ነው። እኛ ስንደርስ ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ የልጆች መጫወቻው ሁሉ ቆሟል። ያገኘነው አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን ይዘው ሲሄዱ ነው፤ በሙቀቱ ጊዜ ውሻ አሸዋው ላይ አይፈቀድም፣ በብርዱ ግን ይፈቀዳል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ነክተው ሰላምታ ሰጡን። በሲልቨር ስፕሪንግ ሊፍት ውስጥ አራት ወር ስመላለስ እንዲህ ያለ ሰላምታ አላገኘሁም።

ባሕሩን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ዝናብ በማዶ ሠፈር ቆርቆሮ ላይ ወርዶ ወደኛ ሲመጣ የሚሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? እንደሱ ነው። ብቻ ይህኛው መጣሁ መጣሁ እያለ የማይደርስ ዝናብ ነው። ከአሸዋው ክምር ጀርባ ስንወጣ ቁልጭ ብሎ ታየ። ግራጫ ነው፤ ሰሌዳዬ ላይ እንደሣልኩት ሰማያዊ አይደለም። ማዶ የሚባል ነገር የለውም። ጉልበቴ ከዳኝና አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ።

የልጅ ልጄ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «እማማ፣ እዛ ምን አለ?» አለኝ፣ በአማርኛ፣ ጣቱን ወደ ውኃው እየጠቆመ።

ያ ጥያቄ ለእኔ እንደ ሹመት ነበር። «ቀጥ ብለህ ወደ ምሥራቅ ብትሄድ፣ ፖርቱጋል የሚባል አገር» አልኩት። እኛ የተቀመጥንባትም ሊዝበንም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ38ኛው ዲግሪ ላይ ናቸው። በጣቴ አሸዋው ላይ ካርታ ሣልኩለት፤ አሜሪካን፣ አውሮፓን፣ አፍሪካን፣ መጨረሻ ላይ ኢትዮጵያን። እሱም ከኢትዮጵያ እስከ ሜሪላንድ ድረስ በእግሩ እየዘለለ «እማማ መጣች!» አለ። ሠላሳ አራት ዓመት ጠመኔ ስይዝ እንደዚህ ያለ ሰሌዳ ገጥሞኝ አያውቅም።

ውኃው ጫፍ ላይ የእንጨት ቁራጭ ተከልን። ሞገዱ የት ድረስ እንደሚመጣ እናያለን ብለን ነው። ሞልቶ እስኪጎድል ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ይፈጃል፤ በማግስቱ ደግሞ ሁሉም ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ጨረቃ ስለምትዘገይ። ልጁ በእናቱ ስልክ ሰዓት ያዘ። ሦስቱን ቀን «ሞላ! ጎደለ!» እያለ ሲጮህ ዋለ። ሁለት የአማርኛ ግሦች ከነሙሉ ትርጉማቸው ገቡት።

በብርድ ወራት ባሕሩ ለተራማጅ የሚሰጠው ብዙ ነው። ሰው ስለሌለ ዛጎሉን የሚለቅም የለም፤ ማዕበል የተፋው ሁሉ ይጠብቃችኋል። ጠምዘዝ ያሉ ትልልቅ ዛጎሎች ለቀምን። የፈረስ ኮቴ የሚመስል፣ ጅራቱ እንደ ወስፌ የሾለ የባሕር እንስሳ ቅርፊትም አገኘን፤ ዘሩ ከዳይኖሰሮች በፊት የነበረ ነው፤ ደሙም ሰማያዊ ስለሆነና ለመድኃኒት ምርመራ ስለሚያገለግል የታወቀ ነው። ድንቢጥ የሚያካክሉ ነጫጭ ወፎች ደግሞ ሞገዱ ሲመለስ እየተከተሉ ይለቅማሉ፣ ሲመጣ በትንንሽ እግራቸው ይሮጣሉ። እነሱን ብቻ ሲያዩ መዋል ይቻላል።

ነፋሱን ከኋላ አድርጎ

እሑድ ገና ሳይነጋ ልጄ ቀሰቀሰችኝ። «እማዬ፣ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ተኝተዋል። ትንሽ እንራመድ?» አለችኝ። ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሹራብ፣ የአማቼን ትልቅ ካፖርት ደረብኩ። ነጠላዬን በኮፍያው ላይ ጠመጠምኩ። ኪሴ ቆሎ ሞላሁ። እሷ ሻይ በቴርሞስ ያዘች።

በባሕር ዳርቻ ሲሄዱ መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ መነሣት ነው፤ ሲደክም ነፋሱ ከኋላ ሆኖ ይመልሳል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ሄድን። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ አይወራም፤ አፍ ሲከፈት ብርድ ነው የሚገባው። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ተራመድን። ውኃው የጎደለበት፣ እርጥቡ አሸዋ ደግሞ እንደ አስፋልት ጠንካራ ስለሆነ ጉልበቴ አላስቸገረኝም። ፀሐይ ከውኃው ውስጥ እንደ እንቁላል አስኳል ብቅ ስትል ቆመን አየናትና ዞርን።

ነፋሱ ከኋላችን ሲሆን ድንገት ጸጥ አለ። ጆሯችን ተከፈተ።

«እማዬ» አለች፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፤ «አባዬ ስንት ወር ነው የታመመው?»

«ስምንት» አልኳት።

«በየሳምንቱ ስደውል ‹ተኝቷል፣ ወጣ ብሏል፣ ደህና ነው› ትይኝ ነበር።»

«አዎ።»

የደበቅኳት እኔ ነኝ። ወረቀቷ ገና በሂደት ላይ ስለነበር ከአሜሪካ ከወጣች የምትመለስበት መንገድ አልነበራትም። ትንሽ ልጅ ይዛለች። «ብትሰማ ሁሉን ጥላ ትመጣለች፤ ብትመጣ ሕይወቷ ይበላሻል» ብዬ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስማልኩ። እሱም «ልጄን እንዳታስደነግጧት» ብሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ ሕመምን ከሩቅ ልጅ መደበቅ እንደ ፍቅር ነው የሚቆጠረው፤ ይህን የምታነቡ ስንቶቻችሁ እንዳደረጋችሁት እናንተ ታውቃላችሁ። እኔም ፍቅር መስሎኝ አደረግሁት። እሷ ግን የአባቷን የመጨረሻ ድምፅ ሳትሰማ ቀረች።

«የሰማሁት ሥራ ቦታ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው» አለችኝ። «ቤት ገብቼም ጮክ ብዬ ማልቀስ አልቻልኩም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል፤ ልጁ ይደነግጣል። ትራስ አፌ ላይ አድርጌ ነው ያለቀስኩት። እሱን ባነሣሁ ቁጥር በአንቺ እናደዳለሁ። ስለዚህ አላነሣውም።»

ልከላከል አፌን ከፈትኩ። ብዙ ምክንያት ነበረኝ። ግን ከፊታችን ምንም የለም፤ የምጠባው ጡጦ፣ የማነሣው ሳህን፣ የምሸሽበት ጓዳ የለም። «አጠፋሁ ልጄ» አልኳት። «ልጠብቅሽ ብዬ ነው፤ ግን አባትሽን ነጠቅኩሽ። ይቅር በዪኝ።» እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ እኛ ዘንድ የተለመደ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወጥ ቤት ውስጥ ቢሆን ቃሉ ከአፌ አይወጣም ነበር።

ልጄ ቆመች። ወደ ግራ አየች፤ ወደ ቀኝ አየች። እስከ ዓይን ጫፍ ድረስ አንድም ሰው የለም። ከዚያ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። «አባዬ! አባዬ!» እያለች፣ ደረቷን ይዛ፣ አገር ቤት ሬሳ ላይ እንደሚለቀሰው። እኔም ነጠላዬን ከራሴ ፈትቼ አዘቅዝቄ ለበስኩና አብሬያት አለቀስኩ። ባሕሩ ከእኛ በላይ ይጮኻል፤ ማንም አልሰማንም፣ ማንም አልደነገጠም። አራት ዓመት የዘገየው ለቅሶ እዚያ ተለቀሰ።

ሲወጣላት አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ሻዩን ቀዳችልኝ። ስለ አባቷ የመጨረሻ ወራት ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ልጇ በሁለት ዓመቱ «አያቴ» ብሎ የላከለትን ድምፅ በስልኩ ላይ እየደጋገመ ይሰማው እንደነበር፣ ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛ እንደነበርም ነገርኳት። ይህን አታውቅም ነበር። ቆሎውን አወጣሁ፤ አሸዋ ገብቶበታል፤ በላነው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። ንዴቷ በአንድ ጠዋት አልወጣላትም፤ ከዚያ በኋላም ሁለት ሦስት ጊዜ አንሥታብኛለች። ግን አሁን ታነሣዋለች። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ፈረሶቹ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም አሳቲግ ወደምትባለው ደሴት ሄድን። ደሴቷ ቀድሞ ከከተማዋ ጋር የተያያዘች ነበረች፤ በ1933 እ.ኤ.አ. የመጣ ከባድ ማዕበል ነው ቆርጦ የለያቸው። አሁን የተጠበቀ ቦታ ናት፤ ቤት አይሠራባትም። ርዝመቷ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጥንት ጀምሮ የባለቤት እጅ የማያውቃቸው ፈረሶች ይኖሩባታል። የሚበሉት በጨዋማ ረግረግ ላይ የሚበቅል ሣር ስለሆነ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ሆዳቸው ከጨውና ከሚጠጡት ብዙ ውኃ የተነሣ ነፋ ያለ ነው። በብርድ ወራት ጠጉራቸው ይረዝማል። ከ12 ሜትር በላይ መቅረብ ክልክል ነው፤ መመገብም እንዲሁ። በሙቀቱ ወራት ትንኙ አያስቆምም አሉን፤ በጥር አንድም የለም።

አሸዋው ላይ ሦስት ፈረሶች ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ቆመው ነበር። የልጅ ልጄ «እማማ፣ አይበርዳቸውም?» አለኝ። «ይበርዳቸዋል፤ ግን ተጠጋግተው ነው የሚቆሙት» አልኩት። ልጁ ትንሽ አሰበና መጥቶ ካፖርቴ ውስጥ ገባ። ልጄ ሕፃኑን በደረቷ አዝላ፣ በለቅሶ ባበጠ ዓይኗ ስትስቅ አየኋት።

ጥምቀተ ባሕር

ሰኞ ጠዋት ነጭ ልብሴን ከካፖርቱ ሥር ለብሼ ወጣሁ። ዕድሜ ልኬን በየዓመቱ «ጥምቀተ ባሕር» እያልኩ ጃን ሜዳ ስወርድ ኖሬያለሁ። ባሕር በሌለበት ባሕር ስል ኖሬ፣ ባሕር ያለበት ቦታ ስደርስ ደግሞ ታቦት የለ፣ ዘማሪ የለ፣ ሎሚ የሚወረውር ጎረምሳ የለ። ልጄ በስልኳ የአዲስ አበባውን በዓል ከፍታ የከበሮው ድምፅ ከሞገዱ ጋር ተቀላቀለ። ያኮረፍኩበት ቀን እንደዚያ ሆኖ ዋለ።

ልጁ ጓንቱን አውልቆ እጁን ውኃው ውስጥ ነከረና ጮኸ፤ በጥር የዚያ ባሕር ውኃ ከበረዶ የሚሻለው በጥቂቱ ነው። ቶሎ እጁን በነጠላዬ ጠቅልዬ አሸሁለት። የእንጨት ቁራጩ ግን ሌሊት ሞገድ ወስዶት አልነበረም። «ጎደለ?» አለ። «ሞልቶ ነዋ የወሰደው» አልኩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንገባ ልጄ ስለ ትኬቱ ጠየቀችኝ። «ላስቀይረው እማዬ?» «ተዪው፣ መጋቢትም ይደርሳል» አልኳት።

ለሚሄዱ

ልጆቻችሁ ጋ ስትሄዱ አንድ ቀን «ውጭ አውጡኝ» በሉ። ወጪ እንዳይሆንባቸው ብለን ዝም እንላለን፤ እነሱ ደግሞ ብርዱን ፈርተን ይመስላቸዋል። ብርዱ በልብስ ይቻላል፤ አንድ ወፍራም ከመልበስ ሦስት ስስ መደረብ፣ እግርንና ራስን መሸፈን፣ ጫማው ውኃ የማያስገባ ይሁን። ባሕሩ የሚጎድልበትን ሰዓት ጠይቃችሁ ውጡ፤ ያኔ ጠንካራው አሸዋ ይሰፋል፣ ጉልበት አያምም። ጀርባችሁን ለሞገድ አትስጡ፣ የልጅ እጅ አትልቀቁ። መንገዱን ሳታበዙ፣ ፊት ላይ ነፋስ ይዛችሁ ተነሡ። መመለሻው ላይ ዝም በሉ፤ ልጃችሁ የሚናገረው ያኔ ነው።

ባሕር ማዶ ለማትሄዱም ሐይቅ አለን። ሐዋሳ በሥራ ቀን ጠዋት፣ ወይም ላንጋኖ እንግዳ በሌለበት ሰሞን፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻ ጎን ለጎን መራመድ ያው ነው። ዋናው ውኃው አይደለም፤ ሰው የሌለበት ቦታና የማይቸኩል ሰዓት ነው።

እኔ መጋቢት መጨረሻ ላይ ተመልሻለሁ። ልጄ ግንቦት ላይ ሁለቱን ልጆች ይዛ ትመጣለች፤ ትኬት ቆርጣለች። አባቷ መቃብር አብረን እንሄዳለን። የልጅ ልጄ ደግሞ በስልክ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «እማማ፣ አሁን ሞላ ወይስ ጎደለ?» የባሕሩን የሰዓት ሠንጠረዥ ጽፌ ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አይቼ እነግረዋለሁ።